አልጀብራ ለጀማሪ፦ ስልክ፣ ኮምፒውተር ወይስ የገበያ ሚዛን?

ክረምት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት ወላጆች ናቸው። «ቲቸር፣ ለልጄ የትኛውን አፕ ልጫንለት?» ይሉኛል። ልጁ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ነው። እስከ አምና ሒሳብ ይወድ ነበር። ኤክስ የምትባል ፊደል መጣችና ነገር ተበላሸ።

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ልጁ የተያዘው የቱ ጋ ነው? የእኩል ምልክቱ ነው ያልገባው? ፊደሏ ናት? ግራፉ ነው? ወይስ ስሌቱን ይችላል፣ ግን ታሪኩን ወደ ሒሳብ መቀየር አቃተው? አራቱም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ግራፍ ላልገባው ልጅ ቪዲዮ ብትከፍትለት፣ እግሩን ለታመመ ሰው የዓይን ጠብታ እንደመስጠት ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆች ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። አንዳንዱ ጥሩ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ልጆች ፊት አሳፍሮኛል። እዚህ የማወዳድራቸውን በሙሉ የፈተንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን ላስተዋውቃችሁ።

የዘጌው ጀልባ

እንበልና ወደ ዘጌ በጀልባ ልንሄድ ነው። ጀልባውን በኮንትራት ከያዝነው 3000 ብር ነው፣ የሰው ብዛት አይጠየቅም። በነፍስ ወከፍ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰው 400 ብር። ስንት ስንሆን ነው ኮንትራቱ የሚያዋጣን? ዋጋውን ለትምህርት ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ነገ ጊዮርጊስ አካባቢ ወርዳችሁ ባለጀልባውን እንዳትከራከሩት።

የሰዎቹን ቁጥር «ሰ» እንበለው። ሁለቱ ዋጋ እኩል የሚሆነው 400 × ሰ = 3000 ሲሆን ነው። መጽሐፉ «የእኩልነት ዓረፍተ ነገር» ይለዋል፣ ልጆቹ «ኢኩዌሽን» ይሉታል። መልሱ 7.5 ነው።

አንዲት ተማሪ እዚህ ጋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግማሽ ሰው እንዴት ይሳፈራል?» ክፍሉ ሳቀ። ትምህርቱ የተጀመረው ግን ያኔ ነው። 7 ከሆንን በነፍስ ወከፍ 2800 ብር እንከፍላለን፣ ይሻላል። 8 ከሆንን 3200 ይሆናል፣ ኮንትራቱ ይሻላል። 7.5 መልስ ሳይሆን ድንበር ነው።

አሁን ትንሽ እናክብደው። እዚያ ስንደርስ ለገዳሙ መግቢያ ለእያንዳንዱ ሰው 200 ብር እንከፍላለን እንበል። ልጆቹን «ድንበሩ ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኞቹ «አዎ» ይላሉ። ከዚያ ይጽፉታል፦ 3000 + 200 × ሰ = 400 × ሰ + 200 × ሰ። ከሁለቱም ወገን 200 × ሰ ሲነሳ ያው የድሮው ይመጣል። መግቢያው ኪስን ይጎዳል እንጂ ምርጫውን አይነካም። «ከሁለቱም ወገን ቀንስ» የሚለውን ሕግ ከዚህ በኋላ በቃል ማስጠናት አያስፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሰ» ሰው አይደለም፣ የሰው ቁጥር ነው። ጀማሪ ልጅ 400 ሰ ሲያይ «አራት መቶ ሰዎች» ብሎ ያነባል። ይህን ስህተት በመጀመሪያው ሳምንት ካልነቀላችሁት ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ይከተላችኋል። ዘጠነኛ ላይ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ችግሩ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል ጀምሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ኤክስ ቀይሩት።

ለእኩል ምልክቱ፦ ሚዛን

ብዙ ልጆች የእኩል ምልክትን «መልሱ ይኸውልህ» የሚል ቀስት አድርገው ነው የሚያዩት። 5 + 3 = ? ሲባሉ ነው ያደጉት። ለእነዚህ ልጆች የማመጣው የቆየውን ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ነው፣ ከገበያ የተዋስኩትን።

እኩል ክብደት ያላቸው ብዮች እወስዳለሁ። በሦስት ስስ ፌስታል እኩል ቁጥር ያለው ብይ ከትቼ እቋጥራለሁ። ሦስቱን ፌስታልና 2 ልቅ ብይ በአንድ ወገን፣ 14 ብይ በሌላው ወገን። ሚዛኑ ይቆማል። «ፌስታሉን ሳትፈቱ ውስጡ ስንት እንዳለ ንገሩኝ።» ከሁለቱም ወገን 2 ብይ ያነሳሉ። 12 ይቀራል። ለሦስት ይከፍላሉ። 4! ፌስታሉ ሲፈታ የሚያወጡትን ጩኸት ጎረቤት ይመስክር።

አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ ከአረብኛው «አል ጀብር» ነው የመጣው። የተሰበረን መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው። አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። የእኛ ወጌሻ በአረብኛ ቢጠራ ከአልጀብራ ጋር ዘመድ ነበር ማለት ነው።

የሚዛኑ ድክመት ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ነው። ሰሃን ላይ ኔጌቲቭ 3 ብይ አይቀመጥም። እዚያ ላይ ፌት የሚባለው፣ በስክሪን የሚሞከር ማሳያ (ሲሙሌሽን) ይበልጣል። ፌትን በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ነው። ነጻ ነው። በውስጡ የሚዛን ጨዋታ አለ፣ ኔጌቲቭ 1 እና ኔጌቲቭ ኤክስ ሰሃኑ ላይ ይወጣሉ። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኔት ይሠራል።

ምርጫዬ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ሳምንት የብረት ሚዛን፣ ኔጌቲቭ ሲመጣ ፌት። በተቃራኒው አታድርጉት። በእጁ ያላነሳው ልጅ በስክሪን ሲያነሳ ጌም የሚጫወት ነው የሚመስለው።

ለግራፍ፦ ጂኦጀብራ ወይስ ዴስሞስ?

ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሁለቱም ስልክ ላይ ይጫናሉ። የግራፍ አፖቻቸው ከተጫኑ በኋላ ኔት ባይኖርም ይሠራሉ። እዚህ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኔት የጠፋባቸውን ወራት ሁላችንም እናውቃለን።

ጂኦጀብራን ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በ2001 እንደ ፈረንጆች ሳልዝበርግ ውስጥ ለማስተርስ ማሟያው ሲሠራ ነው የጀመረው። ተማሪ ለተማሪ የሠራው ነገር ነው ማለት ይቻላል። አልጀብራውንና ጂኦሜትሪውን አንድ ላይ ይዟል። ልጁ ከፍ ብሎ ወደ ሦስት ማዕዘንና ክብ ሲደርስ ሌላ አፕ አያስፈልገውም። ችግሩ ለጀማሪ ቁልፍ ይበዛበታል። አንድ ልጅ የማያውቀውን ነክቶ ገጹን ሲያበላሽ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ዴስሞስ ቀለል ያለ ነው። ስትጽፍለት ወዲያው ይስላል። የማታውቀውን ፊደል ስትጽፍለት ደግሞ «ስላይደር ልጨምርልህ?» ይልሃል። ስላይደር ማለት በጣት እየጎተቱ ቁጥሩን የሚቀይሩበት ነጥብ ነው። የነፍስ ወከፍ ዋጋውን ከ400 ወደ 350 ስትጎትት መስመሩ ጋደም ይላል፣ መገናኛው ወደ ቀኝ ይሸሻል። ስሎፕ (የመስመሩ አቀበትነት) ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። እኔ በሰሌዳ አንድ ሳምንት የፈጀብኝን ልጆቹ በ10 ደቂቃ አዩት።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ምክር አለኝ፣ ያፈርኩበትም እዚሁ ላይ ነው። የጀልባውን ጥያቄ እንዳለ አስገብቼ ልጆቹን «አሁን እዩ» አልኳቸው። ስክሪኑ ባዶ! ምክንያቱም ሲከፈት የሚያሳየው ከኔጌቲቭ 10 እስከ 10 ገደማ ነው። የእኛ መስመር ግን 3000 ላይ ነው ያለው፣ ሰማይ ቤት። መፍትሔው ቀላል ነው። ብሩን በመቶ ቁጠሩት። 30 እና 4 × ሰ ይሆናል። አሁን ወደ ላይ የሚወጣውን የቁጥር መስመር ትንሽ መሳብ ብቻ ነው የሚቀረው። ስለ ግራፍ ስኬል ምርጫ ለማስተማርም ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ እኔ ያኔ አጋጣሚ ሳይሆን መዓት መስሎኝ ነበር እንጂ።

ለጀማሪ ዴስሞስ እመርጣለሁ። ላፕቶፕ ላለውና ወደፊት ለሚቀጥል ልጅ ጂኦጀብራ። ሁለቱንም ጭኖ ሁለቱንም በቅጡ ያልቻለ ልጅ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ኤክሴል፦ የእኔ አድላዊነት

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም። አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኤክሴልን ነው የምመርጠው። ጎግል ሺትስም ያው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤክሴል ላይ «ኤ2» የምትባል ሳጥን አለች። ስም አላት፣ ውስጧ ያለው ቁጥር ግን ይቀያየራል። ተለዋዋጭ ማለት ይኸው ነው። ልጁ «ኤ2 ሲባዛ በ400» ብሎ ጽፎ ወደ ታች ሲጎትተው፣ ሳያውቀው አልጀብራ ጽፏል።

የጀልባውን ጥያቄ እንዲህ እናሠራዋለን። በመጀመሪያው ዓምድ የሰው ቁጥር፣ ከ1 እስከ 10። በሁለተኛው ኮንትራቱ፣ ሁሌም 3000። በሦስተኛው የነፍስ ወከፉ ድምር። ከዚያ አራተኛ ዓምድ እጨምራለሁ፦ ኮንትራቱ ለሰው ሲካፈል። 3000፣ 1500፣ 1000፣ 750፣ 600፣ 500፣ 428.57፣ 375። ስምንተኛው ሰው ላይ ከ400 በታች ወረደ። ግማሽ ሰው የለ፣ ምን የለ።

አራተኛውን ዓምድ በግራፍ ስታወጡት ቀጥ ያለ መስመር አይሆንም፣ ይጎብጣል። ሁለተኛው ሰው ሲመጣ 1500 ብር ያድንላችኋል፣ ስምንተኛው ሲመጣ 53 ብር ከምናምን ብቻ። ልጆቹ «ለምን?» ይላሉ። ሁሉ ነገር ቀጥታ መስመር እንዳልሆነ በዚያው ያያሉ።

እምቦጩንም በዚሁ አምጡት። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እንደ ፈረንጆች ነው። በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናል ብላችሁ ከ1 ጀምሩ። አጠገቡ ደግሞ ከ1 ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ 100 የሚደመርበት ዓምድ አድርጉ። መጀመሪያ ላይ ደማሪው ይመራል፣ ልጆቹም ለእሱ ያጨበጭባሉ። 26 ሳምንት ላይ ግን ደማሪው 1301 ሲሆን እጥፉ 8192 ይደርሳል። ይህ ለጀማሪ ማሳያ ብቻ ይሁን፣ ፈተና ላይ አታምጡት።

የኤክሴል ጉድለት ስልክ ላይ ነው። ሳጥኖቹ ጠባብ ናቸው፣ ጣት ይስታል። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያምረው። ኮምፒውተር ደግሞ ስታገኙት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ፈቀደልኝ። ደስ ብሎኝ 24 ልጅ ይዤ ሄድኩ። የሚነሱት 9 ብቻ ነበሩ። ሁለቱ አፕዴት ካላደረግን አሉ። ከዚያ መብራት ሄደ። ልጆቹን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድን፣ የቀረውን ትምህርት እዚያው በወረቀት ጨረስነው። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው ክፍለ ጊዜ ያ ነበር።

ፎቶ የሚያነሱት አፖችና ቪዲዮዎቹ

ፎቶማዝን የማያውቅ ተማሪ የለም። ጥያቄውን ፎቶ ታነሳለህ፣ ከነአሠራሩ ይሰጥሃል። ዳሚር ሳቦል የሚባል የክሮኤሺያ ሰው የልጆቹን የቤት ሥራ ለማገዝ ብሎ ነው ያሰበው፣ በ2014 እንደ ፈረንጆች ወጣ፣ አሁን የጎግል ነው። አባትየውን እረዳዋለሁ። የእኛን ልጆችም እረዳቸዋለሁ። ደብተር ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ሰሌዳ ላይ ሲወጡ ግን ዝም።

ግን «አጥፉት» አልልም። አንድ ጥሩ ጥቅም አለው። ልጁ መጀመሪያ ራሱ ይሥራ፣ በእስክሪብቶ። ከዚያ ፎቶ ያንሳ። መልሱ ከተለያየ ሁለቱን መስመር በመስመር ያስተያይና «የሳትኩት እዚህ ጋ ነው» ብሎ በቀይ ያክብበው። እኔ ነጥብ የምሰጠው ለክቡ ነው። ሒሳብ ለማይችል ወላጅም እፎይታ ነው።

የዘጌው ጥያቄ ላይ ግን ልኩን ታውቃላችሁ። ታሪኩን ወደ ሒሳብ የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ። አፑ 7.5 ብሎ እጁን ያነሳል። ሰባት ወይስ ስምንት የሚለው የእናንተ ሥራ ነው።

በኢንተርኔት ነጻ የቪዲዮ ትምህርት የሚሰጠውን ካን አካዳሚን በአጭሩ። ሳልማን ካን በ2004 እንደ ፈረንጆች ራቅ ብላ ትኖር የነበረችን የአጎቱን ልጅ በስልክ ሲያስጠና የተጀመረ ነው። ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ መልመጃውም ጥሩ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ይከብዳል፣ ለዘጠነኛና አሥረኛ ግን ሁለት ወፍ ነው፦ ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም። ለትምህርት ቤት ከሆነ ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሥርዓት አለ። ቪዲዮውንና መልመጃውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት በግቢው ዋይፋይ ይከፍቱታል። አንድ የሚከታተለው ሰው ግን መመደብ አለበት፣ አለዚያ በሁለተኛው ወር አቧራ ይጠጣል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን እኔ መልመጃ ለማውጣት እጠቀምባቸዋለሁ። «የጀልባውን ጥያቄ በባጃጅ አድርገህ አምስት ስጠኝ» እለዋለሁ። መልሶቹን አንድ በአንድ ሠርቼ ካላረጋገጥኩ ለልጅ አልሰጥም። ጀማሪን ብቻውን አብሮት አላስቀምጥም።

ሳይንቲፊክ ካልኩሌተርም አትርሱ። የካሲዮ 82 ኢኤስ ዓይነቶቹ ሠንጠረዥ የሚሠራ ክፍል አላቸው። ቀመሩን፣ መነሻውንና መድረሻውን ስትሰጡት ቁጥሮቹን ይደረድርላችኋል። ኔት የለ፣ ቻርጅ የለ። የድሃ ኤክሴል ብዬ እጠራዋለሁ።

ከሁሉም በፊት ያለን ነገር

«እውነተኛ ሕይወት» ሲባል ሁሉም ሰው ገንዘብ ላይ ይሮጣል። እኛ ጋ ግን አልጀብራ በቤተ ክህነትም አለ። ከተማሪዎቼ አንዱ ዲያቆን ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። ሰሌዳ ላይ አውጥቼ በእኛ አቆጣጠር የ2018ን አሠራው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12፣ አበቅቴ። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18፣ መጥቅዕ። 12 እና 18፣ 30።

«ሁሌም 30 ነው» አለ ልጁ በኩራት። «ለምን?» አልኩት። ዝም አለ። «እንዲህ ነው የተማርነው።»

ኤክሴል ከፍተን 19ኙንም ወንበሮች ደረደርናቸው። በእርግጥም 30፣ 30፣ 30 እያለ ወረደ። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ኮምፒውተሩ 0 አለ፣ ዲያቆኑ ግን «እዚያ ላይ መጥቅዑ 30 ይባላል» ብሎ አረመው። ኮምፒውተሩ ግን ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ያን ጊዜ ከኋላ ያለችው ያቺው የግማሽ ሰው ልጅ ተነሳች። ወንበርን «ወ» አለችው። 11 ወ ሲደመር 19 ወ፣ 30 ወ። ለ30 ይካፈላል፣ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ትራፊዎቹ ሲደመሩ 30 ከመሙላት ሌላ ምርጫ የላቸውም። መሰል ቁሞችን መደመር ይኸው ነው። ለሁለት ዓመት «ሙዝና ሙዝ ይደመራል፣ ሙዝና ብርቱካን አይደመርም» እያልኩ ሳስተምር ነበር።

ሰዓታችንም እንዲሁ ነው። የፈረንጆቹ ሰዓት ላይ 6 ቀንስ። ከቀኑ 14 ሰዓታቸው የእኛ 8 ነው። ከሌሊቱ 3 ሰዓታቸው ላይ 6 ሲቀነስ ኔጌቲቭ 3 ይመጣል፣ 12 ሲደመርበት 9 ሰዓት ሌሊት። ኔጌቲቭ ቁጥር ምን ይሠራል ለሚል ልጅ ይህን ስጡት። አፕ አያስፈልግም።

እኔ ብሆን

ክፍላችሁ 60 ልጅና አንድ የመምህር ስልክ ከሆነ ሚዛን፣ ሰሌዳና ካልኩሌተር ይበቃል፣ ስልኩ ላይ ዴስሞስ ጭናችሁ ስሎፕ ስትደርሱ በቡድን እያዞራችሁ አሳዩ። ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ላለው ልጅ ኤክሴል፣ ግራፍ ሲደርስ ጂኦጀብራ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ እንግሊዝኛው ለያዘው ካን። ብቻውን ለሚያጠናና ማረሚያ ለሌለው ፎቶማዝ፣ በቀዩ ክብ ደንብ።

ጥያቄውን ግን ከሠፈራችሁ አውጡ። ባለፈው ሳምንት የጀልባውን ጥያቄ ገልብጬ አመጣሁት። ግማሾቹ ተሳፋሪ፣ ግማሾቹ ባለጀልባ ሆኑ። ተሳፋሪዎቹ 8 ሆነው ኮንትራት ጠየቁ። ባለጀልባዎቹ ቶሎ ነቁ። «ስምንት ከሆናችሁ ኮንትራት የለም፣ በነፍስ ወከፍ ነው» አሉ። ተሳፋሪዎቹ አንዱን ልጅ ደብቀው 7 ነን አሉ። «እንግዲያው ኮንትራት ብቻ» አሏቸው። ጭቅጭቁ ሲጦፍ ከባለጀልባዎቹ አንዱ ጸጥ ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። «ቲቸር» አለኝ፣ «ነዳጁስ? ደርሶ መልስ 1800 ብር ቢፈጅብኝ ስንት ሰው ካልያዝኩ ነው የምከስረው?»

ለ400 አካፈለው። 4.5 ወጣ።

«አሁንም ግማሽ ሰው!» አለች ልጅቷ ከኋላ።